ስለ ሞተር ቫልቭ ንግድ የቀረበ አሳብ

የጥንቷ ቮልስ መሠራቷ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አብቅቷል፤ ሆኖም ቅዳሜ ቀን በግቢው ሞተሯን አውርዶ፥ ቴስታታውን ፈትቶ፥ ቫልቭና ሞላ የሚለውጥ ባለመኪና አልጠፋም። ትጋቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዕቃው ከሞተሩ ጋር ያልተስማማ ወይም ብረቱ ደካማ እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ የቫልቩ ራስ ተቆርጦ ቢወድቅ ፒስተኑን ይሰብራልና።

ስለዚህ ባለሱቅ የሞተሩን ቁጥር ሳይጠይቅ ቫልቭ ባይሸጥ፥ አስመጪም ዕቃው የተሠራበትን አገር በግልጽ ቢጽፍ ይገባል። በኋለኞቹ ብዙ የቮልስ ሞተሮች በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፥ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር መስጠት ምን ያህል ወጪ ያስወጣል? የተታለለ ገዢ አይመለስም፤ በቅን የተመከረ ግን ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።