18 ዓመት የሞላው ታማሚ ወዴት ይሂድ?

ባለፈው ወር ከተማሪዎቼ አንዱ 18 ዓመት ሞላው። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም አለበት፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። የሕፃናት ክፍሉ «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነህ» ብሎ ወደ አዋቂዎች ክፍል ላከው። ደብዳቤ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ ያው የተቀዳደደች ካርዱን ይዞ ሄደ። እዚያ ያገኘው ሐኪም «ለምን ኪኒን አትሞክርም?» አለው። ልጁ ዝም አለ። እስከዚያ ቀን ለሐኪም መልስ የምትሰጠው እናቱ ነበረች እኮ።

ሐኪሙ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በየቀኑ የሚያያቸው የስኳር ታማሚዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ኪኒን የሚረዳቸው ናቸው። የዚህ ልጅ ቆሽት ግን ኢንሱሊን አያመርትም፤ መርፌው ለቀናት ከተቋረጠ ለሞት ያሰጋዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የሥልጠና ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት፣ የቤተሰብና የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበራት በ2011 (በፈረንጆቹ) በጋራ መመሪያ አውጥተው በ2018 አድሰውታል። ዝግጅቱ በ12 ዓመት ገደማ ይጀመር ነው የሚሉት፤ 18 እስኪሞላ አይጠበቅም። በአፍሪካም በ2022 የጤና ሚኒስትሮች ሎሜ ላይ ተሰብስበው ፔን ፕላስ የተባለውን ስልት አጽድቀዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር፣ የሲክል ሴል የደም ሕመምና የሩማቲክ የልብ ሕመም በወረዳ ሆስፒታሎች እንዲታከሙ፣ ባለሙያዎችም ለዚሁ እንዲሠለጥኑ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የዳዳብ ነገር ነው። ዳጋሃሌ ካምፕ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ስለሌለ ታማሚዎች ለመርፌ በየቀኑ ሆስፒታል ይመላለሱ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊን አራት ሳምንት ኃይሉን ሳያጣ እንደሚቆይ አሳዩ። (ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም!) እንግዲህ ወጣቱ መድኃኒቱን ቤቱ አስቀምጦ ራሱ መውጋት ይችላል ማለት ነው። ግን ማን ያስተምረው? የሕፃናቱ ሐኪም «የአዋቂዎቹ ያስተምሩታል» ይላል፣ የአዋቂዎቹ ደግሞ ተምሮ የመጣ ይመስላቸዋል።

ሁለቱ ሐኪሞች ከመረካከባቸው በፊት አንድ ቀን እንኳ ልጁን አብረው ቢያዩት፣ አስተርጓሚውም ለወላጅ ሳይሆን ለልጁ ቢተረጉም፣ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔና ልጁ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀደን የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ መጨረሻ ራሱን የሳተበትን ቀን ጽፈናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻውን ሊገባ አስቧል። እናቱ ገና አልተስማሙም።