«ሚሽነሪ ነው የጻፈው» መልስ አይደለም!



የትሪሚንግሃም «ኢስላም በኢትዮጵያ» (1952 እ.ኤ.አ.) በተነሳ ቁጥር ከእኛው ወገን የሚሰማው አስተያየት አንድ ነው፦ «ሚሽነሪ ነው የጻፈው፣ ተዉት!» ሰውየው የሚሽን ሰው መሆኑ እውነት ነው። ግን ይህ ስለ ጸሐፊው የተነገረ እንጂ ስለ መጽሐፉ አይደለም። የቱ ገጽ ተሳሳተ? የቱ ማስረጃ ጎደለ? እዚህ ላይ ዝም!

ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) እንዲህ አላደረጉም። አንብበው ሞገቱት። የወሎን ዑለማዎች የዐረብኛ ጽሑፍና የሽማግሌዎችን ቃል ሰብስበውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ ኢስላም የራሳቸውን መጽሐፍ አቀረቡ።

እሱንስ ምን አደረግነው? ሽፋኑን አይተን «ማሻአላህ» ብለን አለፍን። እንግሊዝኛው ይከብዳል የሚል አለ፤ እሺ፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡት ልጆቻችንስ? የአፄ ዮሐንስን የቦሩ ሜዳ ውሳኔ አንቀበልም ብለው ስለተነሱት ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ከስማቸው ሌላ የምንለው የለንም። ታሪካችን ተዛባ ብለን ለመጮህ ግን የሚቀድመን የለም።

ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚያወድስም የሚያወግዝም፣ እባካችሁ፣ ገጹን ይጥቀስልን።