የጽጌረዳውን ቅጠል የቆረጠው ማነው?

ሰሞኑን ኮኪት ውስጥ ጽጌረዳ የተከሉ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ሲስተር፣ ቅጠሉን ምን በላው? ምን እንርጭበት?» ይሉኛል። ሄጄ ሳየው የቅጠሉ ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። አንዱ ቅጠል ግማሽ ክብ ጎድሎታል፤ ከሌላው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ክብ ወጥቶለታል።

አባጨጓሬና ፌንጣ እንዲህ አይቆርጡም። እነሱ የበሉት ቅጠል ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ መሃሉም የተበሳሳ ነው። በንጹሕ ክብ የምትቆርጠው ቅጠል ቆራጭ የምትባል ንብ ናት። የቀፎ ንብ ዘመድ ብትሆንም ኑሮዋ ለየብቻ ነው፤ ንግሥት የላትም፣ ማርም አታከማችም። ሴቷ ቅጠሉን ጠቅልላ ወደ ደረቀ የማሽላ አገዳ፣ ወደ ሽመል ቀዳዳ ወይም ጢንዚዛ ወደ በሳው እንጨት ትወስደዋለች። እዚያ እንደ ጽዋ አድርጋ ታነጥፈዋለች፤ የአበባ ዱቄትና ወለላ ለውሳ ታስቀምጥበታለች፤ አንድ እንቁላል ትጥልና በክብ ቅጠል ትከድነዋለች። ከዚያ ቀጥላ ሌላውን ክፍል ትጀምራለች። ይህን ሁሉ ያለ ረዳት ነው የምትሠራው። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ የሚራራላት ይመስለኛል።

ቅጠሉን ስለማትበላው መርጨት ብዙም አያድነውም። ኬሚካሉ የሚጎዳው አበባው ላይ የሚያርፈውን ንብ ሁሉ ነው። የእኛ አገር ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጥ ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ መያዙ ይሻላል፤ ከሚጎበኙት መካከልም የቅጠል ቆራጭ ወገኖች ይገኛሉ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የአልፋልፋ ዘር የሚያመርቱ ገበሬዎች አንዷን ዝርያ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አዘጋጅተው እስከ ማርባት ደርሰዋል። ቆላ ወርደን ቀረን እንጂ ደጋ ያደግን ሰዎች ቀጋን እናውቃለን፤ ፍሬውን እረኞች የሚበሉት የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው። ማንም ሳይረጭለት ይኖራል።

እኔን ግን ከንቧ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ነው። ለሰሊጥና ለጥጥ ከተገዛው ኬሚካል «ለአበባዋ ትሆናለች» ተብሎ ጥቂት በለስላሳ ጠርሙስ ይቀዳና ቤት ይመጣል። የተረፈው አልጋ ሥር ወይም መስኮት ላይ ይቀመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ጽሑፉን አያውቅም፤ በዚያ ላይ በለስላሳው ጠርሙስ ላይ የኬሚካሉ ጽሑፍ የለበትም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ጠጥተው የመጡ ሕፃናት ተቀብያለሁ። አያቶች በተለይ ስሙኝ፤ ቀን ቀን ልጁ የሚውለው እናንተ ዘንድ ነው።

እንደ ማላታዮን ያሉ የተባይ መግደያዎች የሚያሳዩት ምልክት ይታወቃል። ምራቅ ይዝረከረካል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ልጁ ያስመልሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ልጁ እንዲህ ከሆነ፣ ወይም ሲጠጣ ካያችሁት ምልክቱን ሳትጠብቁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ኬሚካሉ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተትም ዘይትም አታጠጡት። የፈሰሰበትን ልብስ አውልቁና ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ስታጥቡት እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፣ በቆዳም ይገባልና። ከደከመ በጎኑ አስተኙት። ጠርሙሱን ወይም ዋናውን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ አትሮፒን መስጠት እንዳለበት ቶሎ ለመወሰን ያግዘዋል።

ወደ ጽጌረዳው እንመለስ። ያደገ ተክል ጥቂት ቅጠል ቢቆረጥበት አይሞትም፤ መልኩ ነው የሚበላሸው። አዲስ የተተከለና ቅጠሉ የሚቆጠር ከሆነ ግን መሸፈን ይገባዋል። ዙሪያውን አራት ዘንግ ትከሉና ስስ ሻሽ አልብሱት፤ ከታች በድንጋይ ወይም በአፈር ያዙት። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ አርቁት፤ በቆላችን ፀሐይ የነካው ይደርቃል። የቆረጣው ጊዜ ሲያልፍ ታነሡታላችሁ።

አጎበር እንዳታለብሱት ግን አደራ። እዚያ ማዶ ሰፈር አንድ አጥር ላይ ተዘርግቶ አይቻለሁ። በመድኃኒት የተነከረ ስለሆነ የሚነካውን ንብ ይገድላል፤ ከዚያም በላይ ወባ ባለበት፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በምትኖርበት መተማ አጎበር የሚዘረጋው ልጅ በሚተኛበት አልጋ ላይ ነው።

ልጆቹ ንቧን በእጃቸው ካልጨበጧት በቀር አትናደፍም፤ አጠገቧ ቆመው ቅጠሉን ስትቆርጥ ቢያዩ ችግር የለውም። ቅርንጫፍ ስትገርዙ ደግሞ የተቆረጠውን ጫፍ በቀለጠ ሰም ወይም በጭቃ ድፈኑት፤ ለስላሳውን መሃል ፈልፍለው ጎጆ የሚሠሩበት ነፍሳት አሉና። የምትወጣበትን የአገዳ ክምር ግን ከጽጌረዳው ራቅ አድርጋችሁ ተዉላት።