የብዕር ስም ኃጢአት ነው ያለው ማን ነው?

«ክርስቲያን የሚደብቀው ነገር የለውም፤ የሚጽፍ በስሙ ይጻፍ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእናንተም መካከል በዚህ የምትስማሙ አትጠፉም። አነጋገሩ መንፈሳዊ ይመስላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም።

ሲ. ኤስ. ሉዊስን ታውቁታላችሁ፤ ሰባኪዎቻችን ስሙን ደጋግመው ይጠሩታል። ስለ ሥቃይ መጽሐፍ ጽፎ ለዓለም መልስ የሰጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሚስቱ ጆይ በካንሰር ሞተችበት። በሐዘኑ መካከል እግዚአብሔርን የሞገተበትን ማስታወሻ በ1961 ሲያሳትም ደራሲው «ኤን. ደብሊው. ክላርክ» ተባለ፤ ሚስቱም በአንድ ፊደል ብቻ ተጠራች። ወዳጆቹ «አንብበው፣ ያጽናናሃል» ብለው የራሱን መጽሐፍ እንዳመጡለት ይነገራል! በስሙ የታተመው በ1963 ካረፈ በኋላ ነው።

ታዲያ ሉዊስ ዋሸ? በስሙ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ግማሹ አንባቢ «የእምነት ጠበቃው ወደቀ» ይል ነበር፤ ሌላው ጥቅስ እየጠቀሰ ደብዳቤ ይልክለት ነበር። የሐዘንተኛውን ቃል ማን ይሰማ ነበር? ዝነኛ ስም አንባቢን ያሰንፋል። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ (አዎ፣ የጠንቋዩ ልጅ ደራሲ) በ2013 «ሮበርት ጋልብሬዝ» ተብላ ያሳተመችው ልብ ወለድ ጥቂት ገዢ ብቻ ነበረው። ማንነቷ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ተሻሙበት። ከመጽሐፉ አንዲት ቃል አልተለወጠችም።

በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በገዛ ስሙ አሳተመ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የኢሕአፓው እያሱ ዓለማየሁ በበኩሉ በደርግ ዘመን የሚሳለቁ ታሪኮቹን ለዓለም ያደረሰው «ሀማ ቱማ» በሚል ስም ነው። በዓሉን አከብራለሁ። ሀማ ቱማን ግን ፈሪ የሚለውን ሰው፣ እሱ ራሱ ምን ጽፎ ምን እንደከፈለ እጠይቀዋለሁ።

«ዛሬ ደርግ የለብን» ትሉኝ ይሆናል። በደሳ ላይ አንዱ ቢያስነጥስ ጭሮ ድረስ «ይማርህ» እንደሚባልስ ረሳችሁት? አንዲት እህት አባቷ ለጫት ስለሚያወጣው ገንዘብ፣ ስለ እናቷም እንባ ብትጽፍ፣ በማግስቱ ጥያቄው «የማን ልጅ ናት?» ነው። ጸሎት ያቃተው ወንድም በስሙ ቢጽፍ እሁድ ሳይደርስ ጉዳዩ የሰፈሩ የጸሎት ርእስ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም አይጽፉም። የምናነበው ድል የተገኘበትን ምስክርነት ብቻ ነው፤ ገና በመካከሉ ላይ ያለው ሰው ዝም ብሏል።

በሐሰት አካውንት ሽማግሌዎችን የሚሰድበው ልጅ ይህን ጽሑፍ መከላከያ እንዳያደርገው። ሉዊስ የሸፈነው የራሱን ቁስል ነው፤ ይሄኛው የሚሸፍነው ድንጋይ የወረወረበትን እጁን ነው። ሰውን የሚከስስ ስሙን ይጻፍ፣ ማስረጃውንም ያምጣ።

አዘጋጆችም «ስም የለውም» ብላችሁ ጽሑፍ አትመልሱ። ለዕብራውያን የተጻፈው መልእክት የጸሐፊው ስም የለበትም፤ ስንት እሁድ ሰበክንበት? የጸሐፊውን እውነተኛ ስም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይወቅና ይያዘው፤ ገጹ ላይ የመረጠው ስም ይውጣ። እናንተም ከፍራሽ ሥር ያስቀመጣችሁትን ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ የሚቀጥለው እትም ቦታ አለው።