ሁሉም ሕመም «ብርድ» አይደለም



እሑድ እሑድ ስንገናኝ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ አገር ቤት እናወራለን። የጉልበታችን ነገር ሲነሣ ግን «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብለን እናልፈዋለን። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ የምትይዝ፣ ቁጢጥ ካለች ያለ ድጋፍ መነሣት ያቃታት እህት እኮ በየቤቱ አለች። ለምን ዝም እንደምንል አውቃለሁ፤ «ማዳም ከሰማች ታሰናብተኛለች» ብለን ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

«ብርድ» ወይም «ቁርጥማት» የምንለው ብዙ ጊዜ ኦስቲዮአርትራይተስ ሊሆን ይችላል፤ በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶ 60 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚጠቃው ጉልበት ነው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቆየ ጉዳት፣ ተንበርክኮና ከባድ ዕቃ እያነሡ መሥራት ያመጡታል፣ ያባብሱታልም። ስንፍና አይደለም፣ እርግማንም አይደለም።

ሐኪም ጋ ስትቀርቢ «ሁሉም ያመኛል» ብቻ አትበይ። የትኛው ጉልበት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ደረጃ ላይ ይብሳል ወይ፣ ጠዋት ስትነሺ ለስንት ደቂቃ ይደርቃል፣ ይህን ንገሪው። በዐረብኛ ጉልበት «ሩክባ» ነው። «ኹሹና» ወይም «ኢህቲካክ» ካለሽ ይህንኑ ሕመም ማለቱ ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ከደረቀና የእጅ ጣቶችሽም ካበጡ ግን ሌላ ዓይነት ሕመም ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ጠይቂ። ጉልበትሽ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ ወይም ትኩሳት ካለሽ በዚያው ቀን ታከሚ።

የት እንሂድ? እዚህ ሊባኖስ «ሙስተውሰፍ» የሚባሉት ጤና ጣቢያዎች ከግል ክሊኒክ ይረክሳሉ። ኢቃማ ሲወጣ አሠሪ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፤ ኮፒውን ጠይቂ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ብዙውን ጊዜ አደጋንና ሆስፒታል መተኛትን እንጂ ተራ ምርመራን አይሸፍንም፤ ቢሆንም ምን እንደሚሸፍን ማወቅ ይጠቅማል። የ1946ቱ የሥራ ሕግ እኛን ከነጭራሹ ትቶናል። በ2009 የወጣው መደበኛ ውል ግን በሐኪም ማስረጃ ግማሽ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ግማሽ ወር ደግሞ በግማሽ ደመወዝ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ ከሐኪሙ «ተቅሪር» ሳትቀበዪ አትውጪ።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር አደራ። ካታፍላምና ቮልታረን ስማቸው ይለያይ እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። ብሩፈንም የእነሱ ወገን ነው። ደራርቦ መውሰድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የጨጓራ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለብሽ ለፋርማሲው ሳትነግሪ አትውሰጂ። የቮልታረን ቅባት ለጉልበት ከክኒኑ ይልቅ ለሰውነት ይቀላል።

እንቅስቃሴም ራሱ መድኃኒት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ቀጥ አድርጊና እስከ አምስት ቁጠሪ፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ ደጋግሚው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ለጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል። ወለል ለመወልወል ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ጠይቂ። መንበርከክ ግድ ከሆነም ፎጣ አጥፈሽ ከሥር አድርጊ።

ከፊታችን ካለው እሑድ ጀምሮ ዐረብኛ የሚችሉ እህቶች ስም እንመዘግባለን፤ ሐኪም ቤት አብሮ የሚሄድ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲኖር ነው። የምትችይ ተመዝገቢ፤ የታመምሽም ሳታፍሪ ንገሪን። ቤተሰብ የምናስተዳድረው በዚሁ ጉልበት አይደል?