ውኃው ወደ ሐረር እንዴት ይወጣል?
(ስለ ምሕንድስና ትምህርትና ስለ ፈተናው)



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን መጽሐፍ ወይም የምሁር ንግግር አይደለም፤ የአንዲት ቡና ቤት ባለቤት ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ከየኮሌጃችን ወደ ቤታችን ወደ ሐረር በተሰበሰብን ጊዜ፥ ሰባት የምሕንድስና ተማሪዎች ሆነን በሸዋ በር አጠገብ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጠን እንጫወት ነበር። ባለቤቲቱ እትዬ ስኒውን እየደረደሩ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ኢንጂነሮች ናችሁ ሲሉ እሰማለሁ። ይህ የቧንቧ ውኃ ከድሬዳዋ ቆላ ተገፍቶ ነው የሚመጣው ይባላል። ለመሆኑ አንድ በርሜል ውኃ እዚህ ለማድረስ ምን ያህል መብራት ይበላል?» ብለው ጠየቁን።

ሰባታችንም ዝም አልን። ከመካከላችን ሁለቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። የፈሳሽ ኃይል ትምህርት ሁላችንም ወስደናል፤ አብዛኞቻችንም ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። የበርኑሊን ቀመር በቃሉ የማይል አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ ቀመር ስለ እትዬ በርሜል የሚናገር መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። አንዱ ጓደኛችን መልሱን ለመፈለግ ስልኩን አወጣ፤ ስልኩም ስለ ፓምፕ ብዙ ነገረው፥ ስለ ሐረር ግን ምንም አልነገረውም።

በመጨረሻ ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጀመርን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረር 1850 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ 650 ሜትር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ይህን ያህል ሽቅብ ለማንሣት 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚበሉት መቶ እጅ 65ቱን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣሉ ብንል 2.7 ይሆናል። በርሜሉ 200 ሊትር ነውና ለእትዬ ድርሻ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ደረሰ። መልሱን አግኝተናል ብለን ኮራን።

በአጠገባችን ምሳውን ይበላ የነበረ የአይሱዙ ሾፌር ግን ሣቀብን። «እናንተ ልጆች፥ ደንገጎን የት ጣላችሁት? መኪናም እኮ ከድሬዳዋ ሐረር የሚገባው መጀመሪያ ደንገጎን ወጥቶ፥ ሐረማያን አልፎ፥ ከዚያ በአወዳይ በኩል ቁልቁል ወርዶ ነው» አለን።

እውነቱን ነው። የሐረማያ ሜዳ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቧንቧ ምንም ቢሆን ጫፉን ሳያልፍ ወደ ታች አይወርድም፤ ስለዚህ ፓምፑ የሚገፋው ለሐረር ከፍታ ሳይሆን ለጫፉ ከፍታ ነው። 650 የነበረው ቢያንስ 800 ሜትር ሆነ፤ የበርሜሉም ድርሻ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኪሎዋት ሰዓት ከፍ አለ። በቧንቧው ርዝመት በመፋተግ የሚጠፋው ኃይል ገና አልተጨመረም። መንገዱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በሚኒባስ ተመላልሰንበታል። ስሕተቱን ያሳየን ግን ትምህርት የተማርነው እኛ አይደለንም፥ ማርሽ የሚቀይረው ሰው ነው።

እንግዲህ ይህ ስለምን ሆነ? እኛ ሰነፎች ስለሆንን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በከፊል ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰባት ሰዎች ከልዩ ልዩ ኮሌጆች መጥተው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዐይነት ስሕተት ሲሠሩ፥ ነገሩ ከስንፍና ያለፈ ይመስለናል። አምስት ዓመት ሙሉ የተፈተንነው ቁጥሮቹ ሁሉ በጥያቄው ውስጥ በተሰጡበት ፈተና ነው። «ከፍታው 650 ሜትር ነው ቢባል» ይለናል ፈተናው። ከፍታው ስንት እንደሆነ ራስህ ሄደህ እይ ብሎን አያውቅም። የምሕንድስና ግማሹ ሥራ ግን ትክክለኛውን ቁጥር መፈለግ ነው።

የሚያሳዝነው፥ ለዚህ ዐይነት ትምህርት ከሐረርና ከአካባቢዋ የበለጠ ሰፊ ክፍል የሚገኝ አይመስለንም። የባቡሩን ታሪክ ብንወስድ፥ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ነገር ግን ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ ከሥር በቆላው እንዲሄድ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ «አዲስ ሐረር» ይባልም ነበር። የጥንቷ የንግድ ከተማ ዕጣ በአንድ የዳገት ሒሳብ ተለወጠ ማለት ነው። ያን ባቡር ያስታምሙ ከነበሩት የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች ብዙዎቹ ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ ቶርኖውን የተማሩት ከቶርኖው አጠገብ ቆመው ነው። ባቡሩ እንዲሄድ ያደረጉት ግን እነርሱ ናቸው።

ሐይቁስ? የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ከከተማው የሚቀዳው፥ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የሚሳበው፥ ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የሚገባው አፈር ተደማምሮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት ተሰማራበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው እንደገና ሲታይ ደስ ብሎናል። ግን ስንት ገባ፥ ስንት ወጣ፥ ስንት ተነነ የሚለው የገቢና የወጪ ሒሳብ፥ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊጀምረው የሚችል ሒሳብ ነው። ከሰባታችን አንዱም በክፍሉ ውስጥ ስለ ሐረማያ ሐይቅ አንድ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። ስለ አሜሪካ ግድብ ግን ቀርቦልናል፤ መጽሐፉ ከዚያ የመጣ ነውና።

እዚሁ አካባቢ የተሻለ ነገር ተሞክሮ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርስቲ ከሚባለው ኮሌጅ ጋር በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መነሻነት የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ፥ መጀመሪያ በጅማ ከቆየ በኋላ በ1949 ዓ.ም. በዓለማያ ሥራውን ጀመረ። የኮሌጁ ስም በእንግሊዝኛው «የእርሻና የመካኒክ ጥበብ» የሚል ነበር። ሐሳቡ ማስተማር፥ መመራመርና የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ አንድ ሥራ ናቸው የሚል ነው። ትራክተር የሚማር ሰው ትራክተር ይፈታል። በዘመኑ የተደረገው ሁሉ ትክክል ነበር አንልም፤ ገበሬው ትራክተር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ግን መማሪያ ክፍሉና ሜዳው በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩ። እንደዚሁም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ቢሆንም፥ አገሩን ያየው በዚያን ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጁገል ውስጥ እንግባ። ከፈረስ መገላ ወደ ውስጥ የምትወስደውን ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» የሚሏት በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በዚያ አንድ ልብስ ሰፊ አዲስ ልጅ ሲቀበል እንዴት እንደሚፈትነው ተመልክተናል። ልጁ የሰፋውን እጅጌ ይወስድና በሁለት እጁ ወጥሮ ይስበዋል። ስፌቱ ከተተረተረ ይመልስለታል፤ አይቆጣውም፥ ማርክም አይሰጠውም፥ «እንደገና» ይለዋል ብቻ። መኪናው ክር ሲበጥስ ልጁ ራሱ ካቻቢቴ ይዞ ይፈታዋል። የወደቀ ልጅ ምን እንደጎደለው ያውቃል፤ ያለፈም ለምን እንዳለፈ ያውቃል። እኛ ግን ከፈተና በኋላ የሚደርሰን በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ፊደል ነው። የት እንደተሳሳትን ሳናውቅ ሴሚስተሩ ያልፋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደርጓል። በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው፤ ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም። ይህን ፈተና እንደ ብዙ ጓደኞቻችን ከመሠረቱ አንቃወምም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ በተወሰነ ጊዜ፥ ክፍሎቹ በሰው ሲሞሉ መሣሪያውና መምህሩ በዚያው ልክ አልጨመሩም። ዲግሪው በየቦታው ልዩ ልዩ ክብደት ያለው ሆነ። አንድ ወጥ ሚዛን መፈለጉ ተገቢ ነበር፤ የምርጫ ፈተናም ቢያንስ ዘመድ አይለይም። ችግሩ ሌላ ነው። ሚዛን የሚመዝነው የተጫነበትን ብቻ ነው፤ ተማሪም የሚያጠናው የሚመዘነውን ነው። ዛሬ በየማደሪያ ክፍሉ የሚዞረው የምርጫ ጥያቄ ጥራዝ ነው። ቱምቢና ውኃ ልክ ሲዞር አላየንም።

የቤተ ሙከራ ዘገባውማ ነገር ባይነሣ ይሻላል። ካለፈው ዓመት ተማሪ ይወረሳል፤ የተወረሰው ደግሞ እርሱም የወረሰው ነው። ከእኛ አንዱ የተቀበለው ዘገባ ላይ የተመዘገበው የክፍሉ ሙቀት እንኳ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ሆኖ ተገኝቷል። ሌላው ጓደኛችን ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ድርጅት ተልኮ አራት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ከርሞ «እጅግ ጥሩ» የሚል ማኅተም ተመትቶለት ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ፕሮግራም ዘገባውን በአንድ ደቂቃ ይጽፈዋል፤ መውረስም ቀረ። ስለዚህ ዘገባን ብቻ ተቀብሎ ማርክ መስጠት ከእንግዲህ ማንን መመዘን እንደሆነ አይታወቅም።

ይህን ስንል ቴክኖሎጂን የምንጠላ እንዳይመስል። ውድ ማሽን ለሌለው ኮሌጅ በኮምፒዩተር የሚሠራ የሙከራ ምስል ትልቅ እርዳታ ነው፤ መቶ ተማሪ በአንድ ፓምፕ ዙሪያ ቆሞ የፊተኛውን ማጅራት ከማየት ይሻላል። በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክም ዝንባሌ ይለካል፥ ንዝረት ይመዘግባል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል። የምንለው፥ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው መልስ ከሜዳው ልክ ጋር ይተያይ ነው። ፓምፑን በኮምፒዩተር ያስኬደ ተማሪ ደንገጎ ድረስ ሄዶ ከፍታውን ራሱ ለክቶ ይመለስ። ሁለቱ ካልተስማሙ የዚያን ጊዜ ትምህርት ይጀመራል።

የጁገል ግንብም ሌላ ምሳሌ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ይህ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ግንብ፥ በውስጡም ያሉት የሐረሪ ቤቶች፥ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ቤቶቹ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። አንድ አዛውንት ግንበኛ በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ግድግዳ አሳዩን። ልስኑ ከውጭ ያማረ ነው፤ በጣታቸው ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ጭቃው ይተነፍሳል፥ ሲሚንቶው አያስተነፍሰውም። ውኃው ውስጥ ቀርቶ ግድግዳውን ይበላዋል፤ በኖራ ቢሆን ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር» አሉን። እኛ ስለ ሲሚንቶ ሁለት ኮርስ ወስደናል፤ ስለ ጭቃና ስለ ኖራ አንድ ሰዓት እንኳ አልተማርንም። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል። ሲወድቅ የሚወድቀው በተኙ ልጆች ላይ ነው።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዋና ኮርስ ማርክ ውስጥ ሲሶው በአካባቢው ላለ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይሰጥ፤ አንድ ፓምፕ፥ አንድ ግድግዳ፥ አንድ ወፍጮ፥ አንድ ድልድይ። ተማሪው የለካውን ይዞ ይቅረብና በቃል ይጠየቅ። እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። በቃል የሚሰጥ ማርክ ለአድልዎ በር ይከፍታል ይባላል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፥ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ጠያቂዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ መምህር፥ ሁለተኛው ከውጭ የመጣ የሥራ ሰው። የውኃ ቴክኒሺያን፥ የጋራዥ ባለቤት፥ ግንበኛ ሊሆን ይችላል። ዲፕሎማ የሌለው ሰው ተማሪ እንዴት ይፈትናል ለሚሉን፥ የአይሱዙውን ሾፌር እንጠራለን።

የመምህራኑም ነገር አይረሳ። አንድ መምህር መቶ ተማሪ ይዞ መቶውንም በቃል ሊጠይቅ አይችልም፤ በደመወዙም የትራንስፖርቱን እየከፈለ ሜዳ ለሜዳ ሊዞር አይችልም። ተማሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው በቡድን ቢሠሩ ሥራው ይቀንሳል፤ የሚኒባሱን ሒሳብ ግን ኮሌጁ ሊችለው ይገባል። አንድ የተበላሸ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ከሚገዛበት ዋጋ ጋር ሲተያይ ይህ ምንም ነው።

ሒሳቡን ካረምን በኋላ ለእትዬ ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «በብርስ?» አሉ። የመብራቱን ታሪፍ ከደረሰኛቸው ላይ አይተን አበዛነው። ከዚያም ከሸዋ በር እስከ ቤታቸው በርሜሉን ለሚገፋው ልጅ የሚከፍሉትን ነገሩን፤ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ከሚበላው መብራት ይበልጥ ነበር። ይህንም በፓኮው ላይ ጻፍነው። መስከረም ላይ ወደየኮሌጃችን ስንመለስ ጥያቄውን ከነቁጥሩ ለየትምህርት ክፍላችን እናቀርባለን፤ የደንገጎን ከፍታ ግን ሆነ ብለን ሳንጽፍ እንተወዋለን።