ሰይፍ የሌለው ዳኛ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተነሣ ቁጥር ሥልጣን በሦስት መከፈሉን እንደ ውዳሴ እንደግማለን፡፡ ግን ጦርም ገንዘብም የሌለውን ዳኛ፣ ጦር የሚያዘው ፕሬዚዳንት ስለምን ይታዘዘዋል?

በ1952 እ.ኤ.አ.፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ ፕሬዚዳንት ትሩማን ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እንዲያዙ አዘዙ፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ምክር ቤቱ ያልሰጣቸው ሥልጣን ነው ሲል በ6 ድምፅ ለ3 ሻረባቸው፡፡ ከስድስቱ ሁለቱን የሾሙት ራሳቸው ትሩማን ነበሩ፡፡ ቢሆንም ፋብሪካዎቹን በዚያው ቀን መለሱ፡፡

በ1832 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ሕዝብ ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ፈርዶ ነበር፡፡ ፍርዱ ግን መሬታቸውን አላዳነላቸውም፡፡ በ1838 እ.ኤ.አ. ቼሮኪዎች በወታደር ተነድተው ከአገራቸው ወጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም በየሰፈሩና በየመንገዱ አለቁ፡፡

ስለ ፍርድ ቤት ሥልጣን የተጻፈው ቃል በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፡፡ የተለየው ሰሚው ነው፡፡ ቼሮኪዎች በምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ድምፅ የነበራቸው ጎረቤቶቻቸው ደግሞ መሬታቸውን ይመኙ ነበር፡፡

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የሕገ መንግሥት መሠረቱ የሥልጣን ክፍፍል ብቻ አይደለም፡፡ የተፈረደበት ባለሥልጣን እሺ ማለቱ፣ እምቢ ቢልም ሕዝቡ ለማይወደው ጎረቤቱ ጭምር መጮሁ ነው፡፡ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆም ከሌለ፣ ቃሉ ብቻውን ማንንም አያቆምም፡፡ ጓደኞቼ፣ አንቀጹን ስናጠና ማን እንደሚያስከብረውም አብረን እንጠይቅ፡፡